የሒሳብ መዝገብና መድፍ፦ የአውሮፓ የንግድ ጣቢያዎች እንዴት ግዛት ሆኑ?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የአውሮፓውያን ቅኝ ግዛት መንስኤ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ በትምህርት ቤት ፈተና ላይ ሲቀርብልን መልሱን በቃላችን እናወርደው ነበር፤ ጥሬ ዕቃ ፍለጋ፣ ገበያ ፍለጋ፣ ሃይማኖትን ማስፋፋት፣ ብሔራዊ ክብር። ከእነዚህ አንዱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህን መልስ አጥንቶ ሙሉ ማርክ ያገኘ ተማሪ፣ በለንደን ነጋዴዎች የተቋቋመ አንድ ኩባንያ ከ220 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የሕንድን ክፍለ አህጉር አብዛኛውን ክፍል ለመግዛት እንዴት እንደ በቃ ቢጠየቅ የሚለው ያጣል። መሬትና ሀብት መመኘት የአውሮፓውያን ብቻ ጠባይ አልነበረም፤ የኦቶማን ሱልጣኖችም፣ የኦማን ሱልጣኖችም፣ የእኛም ነገሥታት ይመኙ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ምኞቱ ሥራ ላይ ስለ ዋለበት ዘዴ፣ በተለይም ዕዳና ግብር አንድን የንግድ ጣቢያ ወደ ግዛትነት ስለ ለወጡበት መንገድ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቀድመው የወጡት ፖርቱጋሎች ነበሩ። በ1415 በሰሜን አፍሪካ ሴውታን ያዙ፤ በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት ደረሰ፤ ከዚያም ጎዋ በ1510፣ ማላካ በ1511፣ ሆርሙዝ በ1515 በእጃቸው ገቡ። የቫስኮ ልጅ ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን የዘለቀውም ይኸው የባሕር መንገድ ስለ ተከፈተ ነው። ይሁን እንጂ የፖርቱጋሎች ይዞታ በባሕር ዳርቻ የተደረደሩ ምሽጎች እንጂ ሰፊ መሬት አልነበረም። ሥራቸው በሕንድ ውቅያኖስ የሚመላለሱ መርከቦችን እያስገደዱ የማለፊያ ወረቀት ማስገዛት ነበርና ኬላቸውን በውኃ ላይ የሠሩ ኬላ ጠባቂዎች ብንላቸው ያስኬዳል። ወጪውም ትርፉም በዋናው የንጉሡ ስለ ነበር፣ የንጉሡ ካዝና ሲሳሳ ምሽጎቹም ይሳሱ ነበር።

ይህን አሠራር የለወጡት ሆላንዶች ናቸው። በ1602 የሆላንድ ሪፐብሊክ ጉባኤ እርስ በርሳቸው ይሻሙ የነበሩትን ነጋዴዎች አንድ አድርጎ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን አቋቋመ። መነሻ ካፒታሉ ወደ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር የሚጠጋ ሲሆን ከከተማ ባለጸጋ አንሥቶ እስከ ቤት ሠራተኛ ድረስ አክሲዮን የገዛ ነበር። ገንዘቡን ያስገባ ሰው ድርሻውን ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል እንጂ፣ በኋላ እንደ ታየው፣ ከኩባንያው ካዝና መልሶ ሊያወጣው አልቻለም። ይህ ቀላል የሚመስል ደንብ የሚያስከትለው ነገር ብዙ ነው፤ መርከብ ቢሰጥም፣ ጦርነት ቢከስር፣ ትርፍ ለዓመታት ቢዘገይ እንኳ ገንዘቡ እዚያው ይቆያል። ኩባንያ የሚለውን ቃል ስንሰማ ዛሬ የምናስበው ቢሮና ማኅተም ነው፤ ይህ ኩባንያ ግን ምሽግ የመሥራት፣ ወታደር የመቅጠር፣ ከነገሥታት ጋር ውል የመዋዋልና ጦርነት የመክፈት ሥልጣን በቻርተሩ ተሰጥቶት ነበር።

ሥልጣኑን እንዴት እንደ ተጠቀመበት ለማየት በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ወደሚገኙት የባንዳ ደሴቶች መሄድ ነው። (ስማቸው እኛ በአርበኞች ዘመን ታሪክ ከምናውቀው «ባንዳ» ጋር ምንም ዝምድና የለውም።) ገውዝ በዚያ ዘመን ለገበያ የሚወጣው ከእነዚህ ጥቃቅን ደሴቶች ብቻ ነበር። የኩባንያው ሹም ያን ፒተርስዞን ኩን ገና በ1614 ለአለቆቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ ያለ ጦርነት ንግድ፣ ያለ ንግድም ጦርነት ሊካሄድ እንደማይችል ነግሯቸው ነበር። በ1621 ቃሉን በሥራ ገለጠው። ቀደም ሲል 15,000 ያህል ከነበረው የደሴቶቹ ነዋሪ የቀረው 1,000 ገደማ ብቻ ሆነ፤ 44 የአገር ሽማግሌዎች በቅጥር ወታደሮች አንገታቸው ተቀላ፤ የገውዙ እርሻም ለሆላንዳውያን ተከፋፍሎ ከሌላ ቦታ በመጡ ባሪያዎች ይሠራ ጀመር። ሽያጩንም ግዥውንም አንድ ድርጅት ብቻ ይቆጣጠር ዘንድ አገር ጠፋ። ወጪው ከባድ ነበር፤ ግን ገውዙ በአውሮፓ የሚሸጥበት ዋጋ ሸፈነው።

አሁን የዚህን ንግግር ሰፊውን ጊዜ ወደምሰጠው፣ በምሥራቅ ሕንድ ወደሚገኘው ወደ ቤንጋል እንምጣ፤ ምክንያቱም የአውሮፓ ቅኝ አገዛዝ አሠራር ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በዚያ ተገልጦ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ቻርተሩን የተቀበለው ዲሴምበር 31 ቀን 1600 ነው። በሱራት፣ በማድራስ፣ በቦምቤይ፣ በመጨረሻም በ1690 በካልካታ ጣቢያዎችን ከፈተ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ደጅ ጠኚ ነበር። በ1680ዎቹ መጨረሻ አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ በነበረው በሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት በአውራንግዜብ ላይ ጦር ለማንሣት ሞክሮ ተሸነፈና 150,000 ሩፒ ካሳ ከፍሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ነው ወደ ንግዱ የተመለሰው። የአውሮፓውያን ድል ሁሉ የመሣሪያ ብልጫ ውጤት ነው የሚለው አባባል ይህን አይገልጽም፤ መድፉ ያኔም ነበረ።

በ1707 አውራንግዜብ ሲሞት የሞጉል መንግሥት መላላት ጀመረ፤ የየአገሩ ገዢዎችም በስም ለዴልሂ እየተገዙ በተግባር ራሳቸውን ቻሉ። በ1717 ኩባንያው ከዴልሂው ንጉሠ ነገሥት አንድ ትልቅ መብት አገኘ፤ በዓመት 3,000 ሩፒ ብቻ ከፍሎ በቤንጋል ያለ ቀረጥ እንዲነግድ ተፈቀደለት። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ወረቀት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከቀረጥ ነፃ የተባለው የኩባንያው ዕቃ ነበር፤ የኩባንያው ሠራተኞች ግን ዳስታክ የሚባለውን የማለፊያ ወረቀት ለራሳቸው የግል ንግድ ይጠቀሙበት፣ ለአገሬው ነጋዴም ይሸጡት ጀመር። ደመወዛቸው ትንሽ ነበርና ሀብት ፍለጋ ባሕር ያቋረጠ ወጣት የሚከብረው በዚህ መንገድ ነበር። በየኬላው ቀረጥ የሚከፍለው የቤንጋል ነጋዴ ከገበያ ሲወጣ፣ የቤንጋሉ ገዢ፣ ማለትም ናዋቡ፣ ገቢው ጎደለ።

ወጣቱ ናዋብ ሲራጅ ኡድ ዳውላ በ1756 ካልካታን የያዘው በዚህ ቅሬታና ኩባንያው ያለ ፈቃዱ ምሽጉን በማጠናከሩ የተነሣ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኩባንያው መኮንን ሮበርት ክላይቭ ከማድራስ ጦር ይዞ መጣ። ጁን 23 ቀን 1757 በፕላሲ የተደረገውን ጦርነት የእንግሊዝ ታሪክ የክላይቭ ጀግንነት፣ የሕንድ ታሪክ ደግሞ የናዋቡ ጦር አዛዥ የሚር ጃፋር ክህደት አድርጎ ይተርከዋል። ክላይቭ 3,000 ያህል ሰው ነበረው፤ ከእነዚህም 2,100 የሚሆኑት ሲፖይ የሚባሉ ሕንዳውያን ወታደሮች ነበሩ። ናዋቡ 50,000 ያህል ጦር ይዞ ቢወጣም አብዛኛው ቆሞ ተመለከተ። ከሁለቱ ትረካዎች በስተጀርባ ግን ሌላ ሰው አለ፤ ጃጋት ሴዝ በሚል የማዕረግ ስም የሚታወቀው የገንዘብ አበዳሪዎች ቤተሰብ። ለናዋቦች የሚያበድሩ፣ ገንዘብ የሚያስመቱ፣ ግብር የሚያስተላልፉ እነርሱ ነበሩና ከሲራጅ ጋር ሲጣሉ ገንዘባቸውን ከኩባንያው ጋር አደረጉ። ለእነዚህ ሰዎች ኩባንያው የባዕድ ወራሪ ሳይሆን ዕዳውን በጊዜው የሚከፍል ደንበኛ ነበር። የክህደት ታሪክ በአገራችንም ስለምንወደው ነገሩን በአንድ ከሃዲ ሰው ጠባይ እናሳብበዋለን፤ የጃጋት ሴዝን ስሌት ሳይመለከቱ ግን ሚር ጃፋር ለምን እንደ ተማመነ ማወቅ አይቻልም።

ሚር ጃፋር ናዋብ ተደረገ፤ የዙፋኑንም ዋጋ ከቤንጋል ግምጃ ቤት ከፈለ። ክላይቭ ለራሱ ብቻ 234,000 ፓውንድ ያህል ተቀበለ። ክፍያው ሲያቅተው በ1760 ሚር ጃፋርን አውርደው አማቹን ሚር ቃሲምን አነገሡ፤ ሚር ቃሲም ግን ብልህ ሰው ሆነባቸው። የኩባንያው ሰዎች ቀረጥ አንከፍልም ካሉ፣ በ1763 በመላው ቤንጋል የውስጥ ንግድ ቀረጥን ለሁሉም ሰው አነሣው። ሕንዳዊውም እንግሊዛዊውም እኩል ያለ ቀረጥ ይነግድ አለ። ኩባንያው ይህን ጠብ አጫሪነት ነው ብሎ ጦርነት ገጠመው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ቅኝ ግዛት የነፃ ንግድ ውጤት ነው ሲባል በተደጋጋሚ እንሰማለን፣ በቤንጋል ግን ጦር የታወጀው ንግዱ ለሁሉም ነፃ በመደረጉ ነው። በ1764 በቡክሳር ሚር ቃሲም፣ የሰሜን ሕንዱ ግዛት የአዋድ ናዋብና የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ሻህ አላም አንድ ላይ ተሸነፉ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በኦገስት 1765፣ ሻህ አላም የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን የግብር ሰብሳቢነት ሥልጣን፣ ዲዋኒ የሚባለውን፣ ለኩባንያው ሰጠ። ኩባንያው በበኩሉ በየዓመቱ 2.6 ሚሊዮን ሩፒ ለንጉሠ ነገሥቱ ሊከፍል ተስማማ። በሕግ ፊት ኩባንያው ድል አድራጊ ሳይሆን የሞጉሉ ንጉሥ ግብር ሰብሳቢ ነው። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን ከዚህ የበለጠ ለውጥ አልታየም። እስከዚያ ድረስ አውሮፓ ለእስያ የምትሸጠው ብዙ ዕቃ ስላልነበራት የቤንጋልን ስስ የጥጥ ጨርቅና ሐር የምትገዛው በጥሬ ብር ነበር፤ ብሩም በአብዛኛው ከስፔን የአሜሪካ ማዕድኖች፣ እንደ ፖቶሲ ካሉ ተራራዎች፣ የወጣ ነው። ከ1765 በኋላ ኩባንያው ከገበሬው ግብር ይሰበስባል፣ በዚያው ግብር ከሸማኔው ጨርቅ ይገዛል፣ ጨርቁንም ለንደን ወስዶ ይሸጣል። ሸማኔው የሠራው ጨርቅ ዋጋ ከጎረቤቱ ገበሬ ኪስ የተከፈለ ሆነ ማለት ነው። ከግብሩ የተረፈው ደግሞ ለሲፖዮች ደመወዝ ዋለ፤ ሲፖዮቹም ቀጣዩን ግዛት ያዙ።

በ1769 ዝናብ ሲቀር በተከታዩ ዓመት የረሃቡ እልቂት ሆነ። የኩባንያው የቤንጋል ገዢ ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 ለአለቆቹ ሲጽፍ የነዋሪው ሲሶ ያህል እንዳለቀ፣ የ1771 የግብር ገቢ ግን ከረሃቡ በፊት ከነበረው ከ1768ቱ እንደ በለጠ፣ ይህም የሆነው በግዳጅ ስለ ተሰበሰበ መሆኑን ሳይደብቅ ገልጿል። የሞተው ሰው ግብር በሕይወት በተረፈው ጎረቤቱ ላይ ይጨመር ነበር። ዘመኑ በለንደንም የገንዘብ ቀውስ የተነሣበት ስለ ነበር ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በ1773 ከመንግሥት 1.4 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ፤ የተከማቸበትን ሻይም በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በርካሽ እንዲሸጥ ሕግ ወጣለት። ያን ሻይ የቦስተን ሰዎች በዚያው ዓመት በዲሴምበር ባሕር ውስጥ ደፉት። አንዱን ግዛት ለማቆየት የተወሰደ እርምጃ ሌላውን ግዛት ለማጣት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ መሆኑ የዘመኑ ምጸት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለንደን ያቀደው አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። በ1784 የእንግሊዝ ፓርላማ በሕንድ ግዛትን በወረራ ማስፋፋት የአገሪቱን ፍላጎት፣ ክብርና ፖሊሲ የሚፃረር ነው ብሎ በሕግ ደነገገ። ሕጉ በወጣ በ20 ዓመት ውስጥ የደቡብ ሕንዷ ማይሶር ተሸነፈች፣ የአዋድ ግማሽ ግዛት ተወሰደ፣ ዴልሂም ተያዘች። ደብዳቤ ከካልካታ ለንደን ለመድረስ ወራት ይፈጅ ነበር፤ መልሱ ሲመጣ ጦርነቱ ካለቀ ቆይቷል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከ1798 እስከ 1805 ጠቅላይ ገዢ የነበረው ዌልዝሊ ከሕንድ ገዢዎች ጋር የሚዋዋለው የጥበቃ ውል እንዲህ ይሠራ ነበር፤ ኩባንያው ገዢውን ከጠላት የሚጠብቅ ጦር ያሰፍርለታል፣ ገዢውም የጦሩን ወጪ ይከፍላል። ክፍያው ከገቢው ይበልጣል። ሲዘገይ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳው ሲከማች በገንዘብ ፋንታ መሬት ይጠየቃል። በ1801 የአዋድ ናዋብ ግማሽ አገሩን ያጣው አንድ ጥይት ሳይተኮስበት በዚህ ሒሳብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለበጎ ነገር ይነገር እንጂ ለዚህም የሚሠራ ይመስለኛል፤ በ1803 ኩባንያው ወደ 200,000 የሚጠጋ ጦር ነበረው፣ ይህም የእንግሊዝ መንግሥት ጦር እጥፍ ያህል ነበር።

የኩባንያው ዘመን ያበቃው በ1857 ሲፖዮቹ ካመፁ በኋላ ነው። በ1858 ሕንድ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነች። የዓመፁን ማፈኛ ወጪ በሕንድ ሒሳብ ተጻፈ፤ የኩባንያው ባለ አክሲዮኖችም እስከ 1874 ድረስ 10.5 ከመቶ ዓመታዊ ትርፋቸውን ከሕንድ ግብር ይቀበሉ ነበር። ሕንዳውያን የተገዙበትን ዋጋ ራሳቸው ከፈሉ ማለት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አፍሪካ የተደረገው ሽሚያ ከዚህ በብዙ ነገር ይለያል። የእንፋሎት መርከብ፣ ቴሌግራፍ፣ ወባን የሚከላከለው ኪኒን፣ ከ1884 በኋላም የማክሲም መትረየስ ተጨምረዋል፤ ጀርመንና ጣሊያንም አዲስ ተሻሚዎች ሆነው መጥተዋል። በ1870 ከአፍሪካ መሬት ምናልባት ከአሥር አንዱ እጅ ብቻ በአውሮፓውያን ተይዞ ነበር፤ በ1914 ነፃ የቀሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ቻርተር የያዘው ኩባንያ ተመልሶ መጣ፤ የኒጀር ኩባንያ በ1886፣ የምሥራቅ አፍሪካው በ1888፣ የሴሲል ሮድስ በ1889። ሁሉም መንግሥታቸው ወጪ ሳያወጣ ግዛት እናስገኛለን ብለው ተነሡ፤ የምሥራቅ አፍሪካው ኩባንያ በ7 ዓመት ከስሮ የዛሬዋን ኬንያ ለመንግሥቱ አስረከበ። የበርሊን ጉባኤን ብዙ ስለምናወራ አልፈዋለሁ፤ ጉባኤው ሽሚያውን ደንብ ሰጠው እንጂ አልጀመረውም።

ይልቁንስ የዕዳው መንገድ በግብፅ እንዴት እንደ ተደገመ ልናገር፤ ነገሩ እኛንም ይነካልና። የግብፅ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የጥጥ ዋጋ ሲንር ያገኘውን ገቢ የማያልቅ መስሎት ከአውሮፓ ባንኮች በከባድ ወለድ ተበደረ፤ ለባቡር ሐዲድ፣ ለመስኖ ቦይ፣ ለቤተ መንግሥት፣ ለጦር። በኖቬምበር 1875 ጦሩ ጉንዴት ላይ በአጼ ዮሐንስ ሠራዊት ድምጥማጡ ሲጠፋ፣ በዚያው ወር ኢስማኤል የሱዌዝ ካናል ድርሻውን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በማርች 1876 ጉራዕ ላይ ዳግመኛ ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት የግብፅን ገቢ የሚቆጣጠር የአበዳሪዎች ኮሚሽን ካይሮ ላይ ተቋቋመ። ለዕዳው ምክንያት ጦርነቱ ብቻ አልነበረም፤ ግን ከስሮ ለነበረ ሰው ሁለት ሙሉ ጦር ማጣት ቀላል ሒሳብ አይደለም። በ1879 ኢስማኤል ተሻረ፤ ከመንግሥቱ ገቢ ግማሽ ያህሉ ለዕዳ ክፍያ ተመደበ፤ ደመወዛቸውና ቁጥራቸው የተቀነሰባቸው ግብፃውያን መኮንኖች በአሕመድ ኡራቢ መሪነት ተነሡ። በ1882 የእንግሊዝ ጦር እስክንድርያን በመድፍ ደብድቦ አገሪቱን ያዘ። ትእዛዙን የሰጠው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ወረራን በመቃወም የሚታወቅ ሰው ነበር፤ የግብፅ የዕዳ ሰነድ ባለቤትም ነበር። በቅርቡ እንወጣለን ያሉት እንግሊዞች የመጨረሻ ወታደራቸውን ያስወጡት በ1956 ነው።

ግብፅ ከምጽዋ ስትለቅ በአጼ ዮሐንስና በእንግሊዝ መካከል የ1884ቱ የአድዋ ውል ተፈርሞ ነበር፤ እንግሊዞች ግን በፌብሩዋሪ 1885 ጣሊያን ወደቡን ስትይዝ ዝም አሉ። ጣሊያን ወደ ቀይ ባሕር የመጣችበት መንገድም ያው የተለመደው ነው። ሱዌዝ ካናል በተከፈተበት በኖቬምበር 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ቀድሞ ሚሲዮናዊ የነበረ ሰው፣ ሩባቲኖ በተባለ የመርከብ ኩባንያ ስም፣ አሰብ ላይ መሬት በ6,000 ማርትሬዛ ብር ከሁለት የአካባቢው ወንድማማች ሹሞች ገዛ። ለመርከቦች የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ነው ተባለ። በ1882 መንግሥት ከኩባንያው ገዛው፤ በ1890 ኤርትራ ተብላ ቅኝ ግዛት ታወጀች።

የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የትርጉም ልዩነት በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙም የማይነሣው በዚያው በ1889 በኦክቶበር ወር ደጃዝማች መኰንን፣ በኋላ ራስ መኰንን የተባሉት፣ ጣሊያን አገር ሳሉ የተፈረመው ተጨማሪ ውል ነው። በእርሱ ኢትዮጵያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች፤ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። የአዋድን ናዋብና የከዲቭ ኢስማኤልን ታሪክ ለሰማ ሰው የዚህ መያዣ ትርጉም ግልጽ ነው፤ አንቀጽ 17 ባይኖር እንኳ ክፍያው አንድ ጊዜ ቢዘገይ የሐረር ጉምሩክ ላይ የሚቀመጠው ሒሳብ ሹም ጣሊያናዊ ይሆን ነበር። አጼ ምኒልክ በፌብሩዋሪ 1893 የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት በደብዳቤ አስታወቁ፤ የጣሊያንንም ብድር ከፍለው መለሱ። ይህ የሆነው አገሪቱ ከከብት እልቂትና ከክፉ ቀን ገና ባላገገመችበት፣ የአድዋ ጦርነት ሊደረግ ሦስት ዓመት ብቻ በቀረበት ጊዜ ነው።